ልጅ ከተናገረ በኋላ፦ በምሥራቅ አፍሪካ ከቤተሰቡ ጎን የሚቆመው ማነው?

አንድ ልጅ ወሲባዊ ጥቃት እንደተፈጸመበት ለሚያምነው ሰው ሲናገር፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በአብዛኛው የሚወስነው የሕጉ ጥብቅነት ሳይሆን የቤተሰቡ አቅም ነው። የምሥራቅ አፍሪካና የአፍሪካ ቀንድ አገራት ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በሕፃናት ላይ ለሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ከባድ ቅጣት ደንግገዋል፤ በሆስፒታሎች ውስጥ ልዩ ክፍሎች ከፍተዋል፤ አንዳንዶቹም ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ችሎቶችን አቋቁመዋል። ልጁን ይዞ ከሆስፒታል ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከጣቢያ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያም ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ወደ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ወላጅ ግን አሁንም በአብዛኛው ብቻውን ነው።

ይህ ክፍተት ከሕግና ከሕክምና ጉዳዮች ጋር ሲነጻጸር ጥቃቅን መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ብዙ ክሶች የሚፈርሱት በማስረጃ ማነስ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ ይደክመዋል፣ ይፈራል፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣል፣ በዘመድ ይለመናል፤ በመጨረሻም ልጁን ይዞ ዝም ይላል።

የችግሩ ስፋት ከታወቀ ሰንብቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ እ.አ.አ. በጥቅምት 2024 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት፣ በሕይወት ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች መካከል ከ370 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ተደፍረዋል ወይም ሌላ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ 79 ሚሊዮን ያህሉ የሚገኙት ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገራት ነው። ታንዛንያ እ.አ.አ. በ2009 ባካሄደችው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከአሥር ሴቶች ሦስት የሚጠጉት፣ ከሰባት ወንዶች ደግሞ አንዱ ገደማ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። የወንዶቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት

እናት ልጇ የሆነውን ስትነግራት፣ ወይም በሰውነቷ ላይ ያየችውን ምልክት ስትረዳ፣ በደመ ነፍስ ከምታደርጋቸው ነገሮች የመጀመሪያው ልጇን ማጠብና ልብሷን መቀየር ነው። ከፍቅር የመነጨ ድርጊት ነው፤ ግን መርማሪው ሊያገኘው የሚችለውን ማስረጃ ያጠፋል። ይህን አስቀድሞ የሚነግራት ሰው የለም።

ጊዜውም ይሮጣል። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓታት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ መድኃኒት እስከ 120 ሰዓታት ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ በዘገየ ቁጥር ግን አቅሙ ይቀንሳል። ልጁ በተናገረበት ቀን ቤተሰቡ ‘መጀመሪያ አባቷ ከመስክ ይምጣ’ ወይም ‘ሽማግሌ እናማክር’ ብሎ ሦስት ቀን ከቆየ፣ የመጀመሪያው ዕድል አልፏል ማለት ነው። ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ መድኃኒቱ ወዳለበት ሆስፒታል ለመድረስ ራሱ አንድ ቀን ሊፈጅ እንደሚችል ሲታሰብ፣ 72 ሰዓት ያን ያህል ረጅም ጊዜ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የምርመራው ውጤት ነው። በሕክምናው ዘርፍ የታወቀ ሐቅ አለ፦ ጥቃት ደርሶባቸው ከሚመረመሩ ሕፃናት መካከል አብዛኞቹ በሰውነታቸው ላይ የሚታይ ጉዳት አይገኝባቸውም። ጥቃቱ ጉዳት የሚተው ዓይነት ላይሆን ይችላል፤ የልጆች ቁስልም በፍጥነት ይድናል። ሐኪሙ ‘ጉዳት አልታየም’ ብሎ የሚጽፈው ወረቀት ስለዚህ ‘ጥቃት አልተፈጸመም’ ማለት አይደለም። ቤተሰቡ ግን ወረቀቱን የሚያነበው በሌላ መንገድ ነው። ‘ሐኪሙ ምንም የለም ብሏል’ የሚለው ወሬ በአንድ ቀን ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ልጁም ውሸታም ይባላል። ወረቀቱን ከወላጁ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያነብ አንድ ሰው በዚያች ሰዓት ቢኖር ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር።

ልጁ በበኩሉ ታሪኩን ደጋግሞ ይናገራል። ለእናቱ፣ ለአክስቱ፣ ለመምህሩ፣ ለቀበሌ ሹም፣ ለፖሊስ፣ ለነርስ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ በመጨረሻም ለዳኛ። በእያንዳንዱ ጊዜ ጥያቄው ስለሚለያይ መልሱም ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ይህ ልዩነት ከወራት በኋላ በመስቀለኛ ጥያቄ ወቅት ‘ምስክሩ እርስ በርሱ ይጋጫል’ ተብሎ ይቀርብበታል።

እንጀራ የሚያመጣው ሰው ሲከሰስ

በሕፃናት ላይ ጥቃት የሚያደርሰው በአብዛኛው የሚታወቅ ሰው ነው፦ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አከራይ፣ አስጠኚ፣ አንዳንዴም አባት ወይም እንጀራ አባት። የቤተሰቡ ፈተና የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው። ተጠርጣሪው አከራይ ከሆነ ቤት መልቀቅ ይመጣል። አሠሪ ከሆነ ደመወዝ ይቀራል። የቤቱ አባወራ ከሆነ ደግሞ እናትየው በአንድ ጀምበር የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የዕለት ጉርስ ብቻዋን ትሸከማለች፤ በባሏ ወገን ዘንድም ‘ቤቷን ያፈረሰች’ ትባላለች።

እናት ለምን ዝም አለች የሚለው ጥያቄ በየመገናኛ ብዙኃኑ ይነሣል፤ አንዳንዴም በወቀሳ መልክ። የሚጠየቀው ጥያቄ ግን የተሳሳተ ነው። ዝም ባትል ኖሮ በማግሥቱ የት ታድራለች፣ ልጆቿንስ ምን ታበላለች ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይደለም።

ይህ ጫና በቀጥታ ወደ ልጁ ይሸጋገራል። እ.አ.አ. በ2007 በአሜሪካ ይፋ የሆነ አንድ ጥናት 257 የወሲባዊ ጥቃት ጉዳዮችን መርምሮ ነበር። ከልጆቹ መካከል 23 በመቶ የሚሆኑት የተናገሩትን መልሰው ክደዋል። የመካዱ ዕድል ከፍ ብሎ የታየው ተጠርጣሪው ወላጅ ወይም እንደ ወላጅ ያለ ሰው በሆነበት፣ ጥቃቱን ያላደረሰው ወላጅ ደግሞ ልጁን ባልደገፈበት ሁኔታ ነበር። በሌላ አነጋገር ልጁ ቃሉን የሚያጥፈው ስለዋሸ ሳይሆን፣ ቃሉ ቤቱን ሲያናጋ ስላየ ሊሆን ይችላል። በሥነ ልቦናው ዘርፍ በተደጋጋሚ የታየ ሌላ ግኝትም አለ፦ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ለማገገሙ ትልቅ ድርሻ ካላቸው ነገሮች አንዱ፣ ወላጁ ሲያምነውና ከጎኑ ሲቆም ነው። እናትን መደገፍ ልጁን ከመደገፍ ተለይቶ የሚታይ ተጨማሪ በጎ አድራጎት አይደለም።

በኢትዮጵያና በአካባቢው አገራት ጉዳዩን የሚያወሳስብ ሌላ እውነታም አለ። በርካታ እናቶች በቤይሩት፣ በሪያድ ወይም በዱባይ የቤት ሠራተኛ ሆነው ሲኖሩ ልጆቻቸው ከአያት ወይም ከአጎት ጋር ይቀራሉ። እንዲህ ያለ ወሬ ለእናትየው የሚደርሳት በስልክ ነው። በካፋላ ሥርዓት ሥር ያለች ሠራተኛ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራዋን ጥላ ለመሄድ ትቸገራለች፤ ብትሄድም የቤተሰቡ ገቢ ይቋረጣል። ልጁን ያኖረው ገንዘብና ልጁን ከአደጋ ሊያወጣው የሚችለው ሰው በአንድ ሴት ላይ ተገናኝተው፣ ሁለቱም ከባሕር ማዶ ናቸው።

ሽምግልናው ለምን ያሸንፋል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረት ከ13 እስከ 25 ዓመት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለ ልጅ ላይ የሚፈጸመው ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ በአንቀጽ 627 እና 626 አስፍሯል። እነዚህ ወንጀሎች በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ አይደሉም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ስለታረቁ ወይም ቤተሰቡ ‘ትቼዋለሁ’ ስላለ ክሱ በሕግ አይቀርም።

በተግባር ግን ይቀራል። ክሱ የመንግሥት ቢሆንም ምስክሮቹ ያሉት በቤተሰቡ እጅ ነው። እናት ቀጠሮ ስትቀር፣ ልጁ ወደ ሌላ ክልል ዘመድ ቤት ሲላክ፣ አያት ‘አላስታውስም’ ስትል ዐቃቤ ሕጉ ባዶ እጁን ይቀራል። ሽምግልናው ዘመናት ያስቆጠረና በብዙ ጉዳዮች ሰላም ያወረደ ባህል መሆኑ አይካድም። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የሚታረቁት ሁለት ወገኖች አዋቂዎች ናቸው፤ የተበደለው ልጅ በእርቁ ላይ የለም፤ ካሣ ቢከፈልም እጁ አይገባም።

በሶማሊያ፣ በሶማሌላንድና በሶማሌዎች በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ተመሳሳይ ጉዳዮች በሔር ሕግ መሠረት በጎሣ ሽማግሌዎች ይታያሉ። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ማስላሃ የሚባለው የእርቅ ሥርዓት ልጃገረዶች የተደፈሩባቸውን ጉዳዮች በጎሣዎች መካከል በሚከፈል ካሣ ሲዘጋ ኖሯል። ፑንትላንድ እ.አ.አ. በ2016 የወሲባዊ ወንጀሎች ሕግ አውጥታለች። የሕግ መውጣት ግን ሽማግሌዎቹን አላስቀራቸውም፤ ምክንያቱ ባህል ብቻ አይደለም። ሽማግሌው ቤት ድረስ ይመጣል፣ ቋንቋውን ይናገራል፣ ጉዳዩን በሳምንት ይጨርሳል፣ ቀጠሮ አይሰጥም፣ የታክሲ አያስወጣም። ፍርድ ቤቱ ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። መንግሥት ሽምግልናውን ማውገዙ ብቻ ሳይሆን፣ ሽማግሌው የሚሰጠውን ቅርበት በሌላ ሰው በኩል ለቤተሰቡ ማቅረብ ካልቻለ ፉክክሩን አያሸንፍም።

ዕድርም አይደርስም። ሞት ሲመጣ ድንኳን የሚተክለው፣ ለሰባት ቀን ሐዘንተኛውን የማይለየው ጎረቤት ይህን ሐዘን አያውቀውም፤ ስላልተነገረው ነው። ‘ገመና ነው’ ተብሎ በር ተዘግቷል። ቤተሰቡ በሕይወቱ ከሚገጥሙት መከራዎች ሁሉ ብቻውን የሚያሳልፈው ይህንን ሳይሆን አይቀርም።

ከሜሩ የተገኘው ትምህርት

ቤተሰብ ብቻውን ሳይሆን ሲቀር ምን ሊሆን እንደሚችል ካሳዩ የአካባቢው ጉዳዮች አንዱ የታየው በኬንያዋ ሜሩ ከተማ ነው። በዚያ የሚገኝ ሪፕልስ ኢንተርናሽናል የተባለ ድርጅት የተደፈሩ ልጃገረዶችን የሚያስጠልል ቤት ነበረው። የኬንያ ሕግ ቀድሞውንም ጥብቅ ነው፦ እ.አ.አ. በ2006 የወጣው የወሲባዊ ወንጀሎች ሕግ 11 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነችን ልጅ የደፈረ ሰው በዕድሜ ልክ እስራት እንዲቀጣ ይላል። ወደ መጠለያው የሚመጡት ልጆች ጉዳይ ግን ፍርድ ቤት አይደርስም ነበር። ፖሊሶች ምርመራውን ለማካሄድ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ የዓይን ምስክር ካልመጣ ይላሉ፤ ወይም ማመልከቻውን ተቀብለው ዝም ይላሉ።

መጠለያው ከካናዳና ከኬንያ ከመጡ የሕግ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ እ.አ.አ. በ2012 ያልተለመደ ክስ መሠረተ። የተከሰሱት ደፋሪዎቹ ሳይሆኑ የፖሊስ ኃላፊዎች ነበሩ። በ11 ልጃገረዶች ስም የቀረበው አቤቱታ፣ በመጠለያው ያለፉትን ከ160 በላይ ልጆች በማሰብ ‘የ160ዎቹ ልጃገረዶች ጉዳይ’ በመባል ይታወቃል። እ.አ.አ. ግንቦት 27 ቀን 2013 የሜሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለልጆቹ ፈረደ። ፖሊስ ፈጣንና ተገቢ ምርመራ ባለማድረጉ የልጆቹን ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደጣሰ፣ ዝምታውም ደፋሪዎች ሳይቀጡ የሚኖሩበትን ድባብ እንደፈጠረ ዳኛው ገለጹ። ፖሊስ ጉዳዮቹን በአግባቡ እንዲመረምርም አዘዙ።

ስለዚህ ፍርድ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ጠበቆቹና ዳኛው ናቸው። ነገር ግን ክሱ ሊመሠረት የቻለው ልጆቹ ከተናገሩ በኋላ የሚያድሩበት ቤት፣ የሚያስተምራቸው ሰው፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አብሯቸው የሄደና የጣቢያውን መልስ ቀን ቆጥሮ የመዘገበ ሠራተኛ ስለነበራቸው ነው። ‘ነገ ተመለሺ’ የተባለች አንዲት እናት ብቻዋን ብትሆን ምናልባት ላትመለስ ትችላለች። አብሯት የሚሄድ ሰው ስም፣ ሰዓትና የመዝገብ ቁጥር ከያዘ ግን ያው ‘ነገ ተመለሺ’ ማስረጃ ይሆናል።

አንድ ማዕከል፣ ብዙ ቀጠሮ

በአካባቢው ባለፉት ዓመታት የተስፋፋው መፍትሔ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ነው። ሕክምና፣ የፖሊስ ምርመራ፣ የሕግና የሥነ ልቦና ድጋፍ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጣሉ። ሩዋንዳ እ.አ.አ. በ2009 በኪጋሊ ካቺሩ በሚገኘው የፖሊስ ሆስፒታል የከፈተችው ኢሳንጌ ማዕከል በኋላ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ሆስፒታሎች ተዳርሷል። በናይሮቢ የሴቶች ሆስፒታል የጾታዊ ጥቃት ማገገሚያ ማዕከል የተከፈተው ደግሞ እ.አ.አ. በ2001 ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው ማዕከል ለኢትዮጵያ በአርአያነት ይጠቀሳል፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም ተመሳሳይ ማዕከላት ተከፍተዋል። ጋንዲ የሚታወቀው በማዋለጃ ሆስፒታልነቱ መሆኑ ግን አንድ ያልታሰበ ውጤት አለው፦ ወንድ ልጁ የተደፈረበት አባት ልጁን ይዞ ወደ ‘እናቶች ሆስፒታል’ መሄድ እንዳለበት በቀላሉ አይገምትም። በቤተሰብ ዘንድ ከሴት ልጅ ይልቅ የሚደበቀው የወንድ ልጅ ጥቃት መሆኑ ሲታከልበት፣ በሩን የሚያሳይ ሰው አስፈላጊነት ይጨምራል።

በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያለው አሠራርም መነሣት አለበት። ለሕፃናት ምቹ በሆነው ችሎት ልጁ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያይ በሌላ ክፍል ሆኖ ይመሰክራል። በክፍሉ ውስጥ አብሮት ያለው ማኅበራዊ ሠራተኛ የዳኛውን፣ የዐቃቤ ሕጉንና የተከላካዩን ጥያቄ ለልጁ በሚገባው ቋንቋ ያቀርብለታል፤ ምስሉና ድምፁ ወደ ችሎቱ ይተላለፋል። ይህ በብዙ የበለጸጉ አገራት ዘግይቶ የመጣ አሠራር ነው። ልጁን የሚጠብቀው ግን ምስክርነቱን በሚሰጥበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት ያሉት ወራትና ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የማንም አይደሉም።

ሕጉ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ከለላ በወረቀት ላይ አለ። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከባድ ቅጣት በሚያስከትሉ ወንጀሎች ለሚመሰክሩ ሰዎች መኖሪያን እስከ መቀየር የሚደርስ ጥበቃ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል። በወንጀል ሕጉ መሠረት ተጎጂው ካሣ መጠየቅም ይችላል። በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች እናት ግን የአዋጁን ቁጥር ቀርቶ ስለመኖሩም የሚነግራት የላትም። በሌላ በኩል ማንኛውም ሰው ወንጀል የማሳወቅ ግዴታ ያለበት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 መሠረት በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። ለአብዛኞቹ በሕፃናት ላይ ለሚፈጸሙ ወሲባዊ ወንጀሎች የተደነገገው ከዚያ ያነሰ ቅጣት በመሆኑ፣ ጉዳዩን የማሳወቁ ሸክም በተግባር ተመልሶ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በባሕር ዳር ከተማ የሰባት ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገድላለች። ተከሳሹ ጥፋተኛ ተብሎ 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ጉዳዩ አገር አቀፍ መነጋገሪያ የሆነው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እናቷ የደረሰባቸውን ማስፈራሪያና መኖሪያ እየቀያየሩ መኖራቸውን በመገናኛ ብዙኃን ሲናገሩ ነው። ፍትሕ የሚጠይቀውን የበይነ መረብ አቤቱታ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ፈርመውበታል። ክርክሩ ወዲያው ያተኮረው በቅጣቱ ማነስ ላይ ነበር፤ ብዙዎች የሞት ቅጣት ጠየቁ። ቁጣው የሚገባ ነው። እናቲቱ ካነሷቸው ነገሮች ግማሹ ግን ስለ ቅጣቱ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ሕይወት ነበር፦ የሚኖሩበት ቦታ፣ ደኅንነታቸው፣ ከፍርዱ በኋላ የሚጠይቃቸው ሰው። ስለዚህኛው ክፍል የተባለው እጅግ ጥቂት ነው።

ቅጣትን ማክበድ በጀት አይጠይቅም፤ ሕዝብንም ያስደስታል። ተከሳሹ የቤቱ ገቢ ምንጭ በሆነበት ቤተሰብ ውስጥ ግን ከባድ ቅጣት ብቻውን ለዝምታ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አያት ልጇን ለ25 ዓመት ወኅኒ የሚያስገባ ቃል እንድትሰጥ ሲጠየቅ፣ የልጅ ልጇን የሚረዳት ማን እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች።

በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች

ቤተሰቡን የሚደግፍ ራሱን የቻለ ባለሙያ የሚለው አስተሳሰብ የተስፋፋው ከአሜሪካ ነው። በአላባማ ግዛት ሐንትስቪል ከተማ እ.አ.አ. በ1985 በወቅቱ የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ በነበሩት በድ ክሬመር አነሣሽነት የተከፈተው ማዕከል፣ ልጁ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ከሚንከራተት መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ልጁ እንዲመጡ አደረገ። ዛሬ በአገሪቱ ከ900 በላይ ተመሳሳይ ማዕከላት አሉ። አይስላንድ እ.አ.አ. በ1998 የራሷን መልክ ሰጥታ የጀመረችው ‘የልጆች ቤት’ ደግሞ በበርካታ የአውሮፓ አገራት ተባዝቷል።

በአሜሪካዎቹ ማዕከላት ውስጥ ልጁን ከሚያነጋግረው ባለሙያ ሌላ የቤተሰብ ደጋፊ የሚባል ሠራተኛ አለ። ይህ ሰው መርማሪ አይደለም፤ ጠበቃም አይደለም፤ ልጁን ስለተፈጸመው ድርጊት አይጠይቅም። ልጁ በሌላ ክፍል ቃሉን ሲሰጥ ከወላጁ ጋር ይቀመጣል። ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ያስረዳል፤ ቀጠሮ ሲለወጥ ይደውላል፤ የሥነ ልቦና ሕክምናና የካሣ ማመልከቻ ያመቻቻል፤ ከወራት በኋላም ‘እንዴት ሰነበታችሁ?’ ብሎ ይጠይቃል። ሥራው ሲነገር ተራ ይመስላል።

በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በዳላስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይህን ማወቁ ፋይዳ አለው። በአሜሪካ መምህራንና ሐኪሞች በልጅ ላይ ጥቃት መድረሱን ከጠረጠሩ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ብዙ ስደተኛ ወላጆች የመጀመሪያ ፍርሃታቸው ‘መንግሥት ልጄን ይወስድብኛል’ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የመኖሪያ ፈቃዳቸው ነው። ጥቃቱን ያላደረሰና ልጁን የሚጠብቅ ወላጅ ግን በአብዛኛው ባለሥልጣናቱ ከጎናቸው እንዲቆም የሚፈልጉት ሰው ነው። እ.አ.አ. በ2000 በወጣ ሕግ የተጀመረው ዩ ቪዛ ደግሞ ከመርማሪዎች ጋር ለሚተባበሩ የወንጀል ሰለባ ስደተኞች የተዘጋጀ ነው፤ ምንም እንኳ በዓመት የሚሰጠው ለ10 ሺህ ዋና አመልካቾች ብቻ ቢሆንና ወረፋው ዓመታት ቢፈጅም። በእስራኤል እ.አ.አ. ከ1955 ጀምሮ ባለ ሕግ መሠረት ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚጠይቃቸው ተራ ፖሊስ ሳይሆን ልዩ ሥልጠና ያለው የሕፃናት መርማሪ ነው። በየትኛውም አገር ቢሆን ወላጁ በሚገባው ቋንቋ አስተርጓሚ መጠየቁ ተገቢ ነው። አስተርጓሚው ከዚያው ማኅበረሰብ የመጣና ቤተሰቡን የሚያውቅ ከሆነ፣ ሌላ ሰው እንዲተካ ማሳሰብም ነውር የለበትም።

ማን ይክፈል?

በምሥራቅ አፍሪካ የዚህ ሥራ ቁርጥራጮች እዚህም እዚያም አሉ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ 116 የተባለው ነፃ የስልክ መስመር የልጆችን ጥቆማ ይቀበላል። በኢትዮጵያ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር ከጥቃት ለሸሹ ሴቶችና ልጆች መጠለያ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። አብዛኞቹ ሥራዎች የቆሙት በለጋሾች ገንዘብ ነው። አሜሪካ እ.አ.አ. በጥር 2025 የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም በአካባቢው ያሉ መሰል አገልግሎቶች ምን ያህል በአንድ ምሰሶ ላይ እንደቆሙ ታይቷል። በለጋሽ ገንዘብ የተቀጠረ ማኅበራዊ ሠራተኛ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይሄዳል፤ የጀመረው የክስ መዝገብ ግን ሌላ ሁለት ዓመት ሊቀረው ይችላል።

የሰው ኃይል እጥረቱ የሚባለውን ያህል የከፋ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.አ.አ. ከ2004 ጀምሮ በማኅበራዊ ሥራ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን ያሠለጥናል፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተከትለዋል። ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በገጠር ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ልጅ ሲታመምም ሲከሳም ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው። አንዳንዶች የቤተሰብ ድጋፉ ለእነርሱ ይሰጥ ይላሉ። ሐሳቡ በግማሽ ትክክል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤተሰቡን በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ከማንም በላይ ቅርብ ናት። ነገር ግን የቀበሌው ልጅ፣ የተጠርጣሪውም ጎረቤት ልትሆን ትችላለች፤ ምሥጢሩን ለዓመታት ተሸክማ ከቤተሰቡ ጋር ፍርድ ቤት እንድትመላለስ መጠየቅ እርሷንም ለአደጋ ያጋልጣል። ያኛው ክፍል ከወረዳ ወይም ከዞን የሚመጣ፣ ደመወዙ ከመንግሥት በጀት የሚከፈልና ተጠሪነቱ ለፖሊስ ያልሆነ ሰው ይፈልጋል።

የዚህ ሰው የመጀመሪያ መሣሪያ ስልክና የቀጠሮ ደብተር ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሲቀየር ለቤተሰቡ ይነግራል፤ ችሎቱ ሲራዘም እናትየው የቀን ሥራዋን ትታ በከንቱ እንዳትመጣ በዋዜማው ይደውላል፤ የሐኪሙን ወረቀት ያነባል፤ ልጁ ትምህርት ቤት መቀየር ካለበት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይነጋገራል፤ ፍርደኛው በይቅርታ ወይም በአመክሮ ሊፈታ ሲል ደግሞ ቤተሰቡ ወሬውን በሰፈር ከመስማቱ በፊት ያሳውቃል።